ግብርም ዘካም፦ እኔ ሂሳቡን የምሠራው እንዲህ ነው

ባህር ዳር ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር እኛ ሙስሊም ነጋዴዎች መሃል አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ለመንግሥት ይህን ያህል ከፍለን ደግሞ ዘካ (ከሀብታችን በየዓመቱ የምናወጣው የግዴታ ምጽዋት) አለብን እንዴ?» አለብን። አብዛኞቹ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) ግብር ዘካን አይተካም ይላሉ። ዘካ ዒባዳ (አምልኮ) ነው፣ ኒያ (ለአላህ ብሎ ማሰብ) ይፈልጋል። ተቀባዮቹም ሱረቱ አት-ተውባ ቁጥር 60 ላይ በ8 ወገን ተለይተዋል፤ ድሃው፣ ሚስኪኑ፣ ዕዳ ያጎበጠው፣ መንገደኛው እያለ ይቀጥላል። ግብሬ መንገድ ቢሠራ፣ የአስተማሪ ደሞዝ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የእነዚህ ሰዎች ሐቅ ግን ገና እኔ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ሁለት ደብተር ይዣለሁ። የግብሩ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሄዳል፣ የሚያየውም ትርፌን ነው። የዘካው በጨረቃ ነው፤ ዓመቱ 354 ቀን ገደማ ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ይላል። የእኔ ረመዳን ላይ ይሞላል። ብዙ ሰው ግር የሚለው ዘካ የሚታየው በትርፍ ሳይሆን በያዝነው ሀብት መሆኑ ነው፤ ገበያ ቀዝቅዞ ግብሩ ባነሰበት ዓመት እንኳ መደርደሪያው ሙሉ ከሆነ ዘካው ላይቀንስ ይችላል።

ቀኑ ሲደርስ ሱቁን ዘግቼ ጣቃዎቹን አንድ በአንድ አወርዳለሁ። የተጀመረውን በሜትር እለካለሁ። ጥግ ላይ የተጠቀለለችው ቁራጭም አትቀርም፣ እሷም ትሸጣለችና። ዋጋው የገዛሁበት ሳይሆን የዕለቱ የገበያ ዋጋ ነው። መደርደሪያው፣ መቀሱ፣ የስፌት መኪናው አይቆጠሩም። ባንክ ያለውንና ይመለሳል ብዬ የማምንበትን ዱቤ እደምራለሁ፣ የጅምላ ነጋዴውን ዕዳ እቀንሳለሁ። እዚህ ላይ መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ አረዳድ መንገዶች) ይለያያሉ፤ ሻፊዒዮች ዘንድ ዕዳ ዘካን አይቀንስም፣ እኛ ቤት ግን በሐነፊ ነው የምንሄደው። ግብሩንስ? የከፈልኩት እጄ ላይ ስለሌለ ድሮውንም አይቆጠርም። የከፈልኩትን ግብር ግን ከወጣው ዘካ ላይ አላነሳም።

ቀሪው ኒሷብ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛው መጠን) ከሞላ፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅ ወይም የ595 ግራም ብር (ማዕድኑን ማለቴ ነው) ዋጋ ካለው፣ ከ40 አንዱን አወጣለሁ። እኔ የምይዘው የብሩን ነው፤ ዝቅ ስለሚል ድሃው ይጠቀማል። ሁለቱ ክፍያዎች እንዳይደራረቡብኝ ደግሞ ከሽያጩ ላይ ለየብቻ አስቀምጣለሁ። ይሄ ብቻውን ስንት ጭንቀት ቀንሶልኛል።

«ዘካ እያወጣን ሽያጭ ብንደብቅ ምን አለበት?» የሚሉም ገጥመውኛል። በፍጹም አልስማማም። ሱረቱ አል-ማኢዳ ሲጀምር «ቃል ኪዳኖችን ሙሉ» ይላል፣ እኔም ንግድ ፈቃድ ስወስድ ቃል ገብቻለሁ። የጥንቶቹ ሊቃውንት ኢማም አል-ገዛሊና አል-ሻጢቢም ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆኖ የሕዝብ ጉዳይ ሲያስገድድ መሪው ካላቸው ሰዎች መሰብሰብ እንደሚችል ጽፈዋል። ግብሩ ከአቅሜ በላይ ተገምቷል ብዬ ካመንኩ ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገባለሁ። ደረሰኝ ግን ሁለት ሜትር ጨርቅ ለገዛም ደንበኛ እቆርጣለሁ።