ካቻቢቴው ሲያመልጥ

ካቻቢቴ ማዘርቦርድ ላይ ለመንሸራተት አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ የያዘውን መቆለፊያ ስንጫን ነው፤ አለዚያም ቦርዱ ላይ ተጋድሞ የሚታሰረውን የኤም.2 ዲስክ ትንሽ ብሎን ስንፈታ። ቀጥሎ ከአፍ የምትወጣው ቃል ሁሌም አንድ ናት፦ «እስቲ አብርተን እንየው።»

ቦርድ የሚሞተው ባብዛኛው በካቻቢቴው ሳይሆን በዚህች ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ኃይል ያልገባበት የተበጠሰ መስመር ከመበጠስ ያለፈ ጉዳት የለውም። ካቻቢቴው ያነሳት የመዳብ ስንጣሪ ግን 12 ቮልቱን 1 ቮልት ገደማ ከሚጠቀመው የፕሮሰሰር መስመር ጋር ካገናኘች፣ ማብሪያውን በነካንበት ቅጽበት ፕሮሰሰሩም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ የከፋም አለ። የቮልቴጅ ተቆጣጣሪው የራሱን ውጤት የሚያነብበት፣ ሬዚስተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ተነቅሎ ወድቆ ከሆነ፣ ተቆጣጣሪው ቮልቴጁ የወረደ ይመስለውና ያለ ልክ ይጨምራል። ሬዚስተሯ የሳንቲም ዋጋ የላትም፤ የምታቃጥለው ግን ውድ ዕቃ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱን ከግድግዳው መንቀል። ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ጠፍቶም 5 ቮልት ተጠባባቂ ኃይል ቦርዱ ላይ ይቆያል። ከዚያ የቀረው እንዲፈስ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ፣ ሳንቲም መሰሉን ሲአር2032 ባትሪም ማውጣት። ቦርዱ ከቦታው ሳይነቃነቅ በስልክ ቅርብ ፎቶ ማንሳት። ቀጥሎ ነጭ ወረቀት ከሥር ዘርግቶ ቦርዱን በቀስታ ማዘንበል ነው፤ የወደቀ ዕቃ ካለ እዚያ ላይ ይታያል። 0402 የሚባለው የዕቃ መጠን 1 ሚሊሜትር በ0.5 ነው፣ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። የተገኘውን በግልጽ ፕላስተር ለጥፎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ወረቀት ላይ ከተተወ አንድ ማስነጠስ ይወስደዋል።

ቁስሉ የሚነበበው ከጎን በሚመጣ ብርሃንና በአጉሊ መነጽር ነው። የቦርዱ ቀለም ብቻ ተፍቆ መዳቡ ካልታየ ነገሩ ቀላል ነው። መዳቡ እያብለጨለጨ ከታየ ግን መቀጠሉን ወይም መበጠሱን ዓይን አይፈርድም፤ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ነው የሚፈርደው። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ስፋታቸው 0.1 ሚሊሜትር ገደማ፣ የመዳቡ ውፍረት ደግሞ 35 ማይክሮን አካባቢ ነው። የዴስክቶፕ ቦርድ ጠቅላላ ውፍረት 1.6 ሚሊሜትር ሲሆን በውስጡ 4፣ 6 ወይም 8 የመዳብ ንብርብር አለ። ከላይኛው መስመር ሥር ስስ መከለያ፣ ከዚያም ባብዛኛው ሰፊው የግራውንድ (የኃይሉ መመለሻ) ንጣፍ ይገኛል። ጥልቅ ጭረት የሚያስፈራውም ለዚህ ነው፤ ላይኛውን መስመር መበጠሱ ሳያንስ ከሥሩ ካለው ንጣፍ ጋር ሊያገናኘው ይችላል።

በቴስተር ሦስት ነገር ይታያል። አንዱ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሲነካ ቴስተሩ መጮህ አለበት፤ ጎን ለጎን ያሉ መስመሮች እርስ በርስ መጮህ የለባቸውም፤ እያንዳንዱ መስመር ከግራውንድ ጋር ያለው ንባብም ከጎረቤቶቹ የተለየ መሆን የለበትም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የፕሮሰሰሩ ዋና መስመር በተፈጥሮው ጥቂት ኦም ብቻ ስለሚያነብ ቴስተሩ ይጮሃል፣ ሰውም «ሾርት ነው»፣ ማለትም መስመሩ ከግራውንድ ጋር ተገናኝቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ፕሮሰሰሩ ወጥቶ ይለካ። ባለ 8 እግሩ የፕሮሰሰር ኃይል መሰኪያ ላይ ያለው 12 ቮልት መስመር ወደ ዜሮ ኦም ከወረደ ግን እውነተኛ ሾርት ነው።

የወደቀው ዕቃ ምን ነበር? ቦርዱ ላይ ከጎኑ የታተመው ፊደል ይናገራል፦ ሲ ካፓሲተር፣ አር ሬዚስተር፣ ኤል ኮይል፣ ኪው ትራንዚስተር፣ ኤፍ ፊውዝ። ቡናማዎቹ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ምንም ቁጥር አይጻፍባቸውም፤ ስለዚህ መልሱ የሚገኘው ከቦርዱ ንድፍ ወይም ተመሳሳይ ሞዴል ካለው የማይሠራ ቦርድ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ቦርድ ላይ ካፓሲተሩን ነቅሎ ለብቻው መለካት ያስፈልጋል፤ ተሰክቶ ሲለካ በዙሪያው ያለው ሁሉ አብሮ ይለካል።

የካፓሲተሩ አንድ ጎን ግራውንድ ከሆነ ሥራው ኃይሉን ማረጋጋት ነው፣ ብዙ ጊዜም 100 ናኖፋራድ (የካፓሲተር መለኪያ) ነው። በደርዘን ከተደረደሩት አንዱ ቢጎድል ቦርዱ ሳይታወቀው ሊሠራ ይችላል፤ ቢመለስ ግን ይሻላል። ሁለቱም ጎኖች ግራውንድ ካልሆኑና ከግራፊክስ ካርዱ መሰኪያ አጠገብ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከተሰለፉት አንዱ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ዳታው የሚያልፈው በእሱ ውስጥ ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 (የግራፊክስ ካርዱ መሰኪያ) ላይ 220 ናኖፋራድ፣ በዩኤስቢ 3 ላይ 100፣ በሳታ (የዲስክ ገመድ መሰኪያ) ላይ 10 ናኖፋራድ የተለመዱ ናቸው። አንዱ ሲጎድል ካርዱ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ግን በ16 መስመር ፋንታ በ8 ወይም ከዚያ ባነሰ ይገናኛል። ቦታውን በስታኞ (ቀልጦ በሚበይደው ብረት) ደፍኖ ማለፍ አይገባም፤ ካፓሲተሩ የተቀመጠው የሁለቱን ወገን ቋሚ ቮልቴጅ ለመለየት ነው። ምትኩ የሚችለው ቮልቴጅም ከቀድሞው ማነስ የለበትም፤ በ12 ቮልት መስመር ላይ 6.3 ቮልት የሚችል ማስቀመጥ ሌላ ሾርት መጋበዝ ነው። ቆርቆሮ የለበሱ ክብ ካፓሲተሮች ላይ ባለቀለሙ ጎን ኔጌቲቭ ነው፤ ጠፍጣፋዎቹ ታንታለሞች ላይ ግን ሰረዙ ፖዘቲቭን ያሳያል። ይህን ማምታታት ያፈነዳል።

ብየዳው ራሱ ረጅም አይደለም። ስታኞው በደንብ እንዲይዝ ፍላክስ ይቀባል፣ በአንዱ ፓድ (ዕቃው በሚቀመጥበት የመዳብ ነጥብ) ላይ ጥቂት ስታኞ ይደረጋል፣ ዕቃው በወረንጦ ተይዞ በዚያ በኩል ይያዛል፣ ከዚያ ሌላው ጎን ይበየዳል። 63 በመቶ ቆርቆሮ ከ37 በመቶ እርሳስ ጋር ያለው ስታኞ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቦርዱ ላይ ያለው እርሳስ አልባው ከ217 በላይ ይፈልጋል። ካውያው (መበየጃው) ከ330 እስከ 350 ዲግሪ፣ ንክኪው ከ3 ሰከንድ በታች ይሁን። የግራውንዱ ጎን ሙቀቱን ስለሚመጥ አልቀልጥ ይላል። መፍትሔው ሰፋ ያለ የካውያ ጫፍና ቦርዱን ከሥር በሙቅ አየር ወደ 100 ዲግሪ ማሞቅ ነው። ካውያውን 450 ማድረስ ፓዱን ከቦርዱ ያላቅቀዋል።

ለተበጠሰ መስመር ከሁለቱም ጫፍ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ያህል ቀለሙ በምላጭ ጫፍ ይፋቃል፣ መዳቡ ስታኞ ይቀባል፣ 0.1 ሚሊሜትር ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ይጋደምበታል። የሽቦው ቫርኒሽ ጫፎቹ ላይ በጋለ ስታኞ መቃጠል አለበት፤ ያለዚያ የተያዘ ይመስላል እንጂ አይገናኝም። በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይታጠባል፣ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚደርቅ የቦርድ ቀለም ይሸፍነዋል። ወደ ራም የሚሄዱት መስመሮች እንደ እባብ የሚጠማዘዙት ርዝመታቸው እኩል እንዲሆን ተሰልቶ ነው። ጥምዝምዙን አቋርጦ በአጭር ሽቦ ማገናኘት በቴስተር ይጮሃል፤ ራሙ ግን ይሳሳታል። ሽቦው የተበጠሰችውን ክፍተት ብቻ ይሙላ፣ ዱካዋንም ይከተል።

የፕሮሰሰሩ ሶኬት ላይ የወደቀ ብሎን ወይም ካቻቢቴ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይፈልጋል። የኢንቴሉ ኤልጂኤ1700 ሶኬት 1700 እግር፣ የኤኤምዲው ኤኤም5 ደግሞ 1718 አለው። በጨርቅ መጥረግ ጨርሶ አይሞከርም፤ ክሩ እግሮቹን ይጎትታል። መብራቱን ከጎን አድርጎ ሲያዩት ጤነኞቹ እኩል ያብለጨልጫሉ፣ የተጣመመው ከረድፉ ይለያል። በቀጭን መርፌ በትንሽ በትንሹ ይመለሳል፤ ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ ካጠፉት ይሰበራል። በኤኤም4 እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ፣ እርሳሱ የወጣለት ባለ 0.5 ወይም 0.7 ሚሊሜትር ሜካኒካል እርሳስ ጥሩ ማቃኛ ነው።

ጭረት የማይታይበት ጉዳትም አለ። ባለ 24 እግሩን የኃይል መሰኪያ ከሥሩ ድጋፍ በሌለው ቦርድ ላይ በኃይል ሲጫኑት ቦርዱ ይጎብጣል፣ በብሎን ቀዳዳዎች አጠገብ ያሉ ሴራሚክ ካፓሲተሮችም ውስጣቸው ይሰነጠቃል። ዛሬ ሠርቶ ከሳምንታት በኋላ ሾርት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ለማግኘት፣ ከመስመሩ የራሱ ቮልቴጅ በማይበልጥ ኃይል፣ ለምሳሌ በ1 ቮልት፣ ከ2 እስከ 3 አምፔር ተገድቦ ይሰጠዋል። አልኮል ሲረጭበት ቀድሞ የሚደርቀው ቦታ ጥፋተኛውን ያሳያል።

ስንጥቁ ከራም መሰኪያው ሥር ካለፈ ግን የውስጥ ንብርብሮቹ ተበጥሰዋልና ድካሙ ለሌላ ቦርድ ይቆይ እላለሁ።

ኃይል የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ እሱም በየደረጃው። መጀመሪያ ያለ ፕሮሰሰር፣ ሐምራዊው ሽቦ፣ ማለትም 9ኛው እግር፣ ላይ 5 ቮልቱ ሳይወርድ መቆሙ ይለካል። ቀጥሎ ፕሮሰሰርና አንድ ራም፣ ከዚያ ራሙን በየመሰኪያው እያዘዋወሩ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86 እስከ መጨረሻው ማስኬድ። ግራፊክስ ካርዱ በስንት መስመር እንደተገናኘ በጂፒዩ-ዚ ፕሮግራም ይታያል። እያንዳንዱ ዩኤስቢ፣ ድምፁና ኔትወርኩም ይፈተሻል። በመጨረሻ ባትሪው ተመልሶ፣ ሰዓቱ ተስተካክሎ፣ ገመዱ ተነቅሎ ይደር፤ ጠዋት ሰዓቱ ከተዛባ ወይም ከቆመ፣ 32.768 ኪሎኸርዝ የምትመታዋን ትንሽ ክሪስታልና አካባቢዋን በአጉሊ መነጽር እንደገና ማየት ነው።