እንዲያድግበት የተገዛው ልብስ

ሱሉልታ ውስጥ በአንድ መዋኛ ገንዳ ሕፃናትን ዋና ሳስተምር በአንድ የኅዳር ጠዋት የገጠመኝ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። ከእንጦጦ ጀርባ የኅዳር ጠዋት ምን ያህል እንደሚያንዘፈዝፍ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ ገንዳችን ደግሞ ከፀሐይ በቀር ሌላ ማሞቂያ አልነበረውም።

አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጃቸውን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኒዮፕሪን (በቀዝቃዛ ውኃ ለመዋኘት የሚለበስ ስፖንጅ መሰል ላስቲክ) ልብስ አልብሰው አመጡ። ጨርቁን በጣቶቼ ጨበጥ አድርጌ ውፍረቱን ካየሁ በኋላ፣ አንገቱንና ብብቱን ሳልፈትሽ ልጁን አስገባሁት። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሩ ጠቆረ፣ ጥርሱም ይንገጫገጭ ጀመር፤ ከጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ግን በልኳ የሆነ ልብስ የለበሰችው ልጅ ገና እየተጫወተች ነበር። ላወጣው ስጠጋ ኃላፊያችን ከዳር ሆነው «ተይው፣ ይንቀሳቀስ፤ ሲንቀሳቀስ ይሞቀዋል» አሉኝ። እኔም ተውኩት።

ውኃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል፤ የሕፃን ገላ ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ኒዮፕሪን የሚያሞቀው በውስጡ ባሉት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎችና በልብሱና በቆዳው መካከል ታግቶ በገላ ሙቀት በሚሞቀው ስስ ውኃ ነው። ልብሱ ሰፊ ከሆነ ግን ልጁ እግሩን በወነጨፈ ቁጥር የሞቀው ውኃ ወጥቶ ቀዝቃዛው ይተካል። ስለዚህ እንቅስቃሴው ራሱ ያበርደው ነበር፤ ይህን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።

ጥቂት ቆይቼ አወጣሁትና ዚፑን ስከፍት ውኃው ከወገቡ ተንዠቀዠቀ። እናቱ በጋቢያቸው ጠቅልለው አቀፉትና «አሰልጣኝ፣ እንዲያድግበት ብዬ እኮ ነው ሁለት ቁጥር ያስበለጥኩት፤ ዩኒፎርሙንም የምገዛለት እንዲሁ ነው» አሉኝ። በኑሮ ውድነቱ ላይ ልጅ የሚያሳድግ ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድም። «እናቴ፣ ይህ ልብስ ግን ዛሬ ገላው ላይ ልጥፍ ካላለ አያሞቀውም» አልኳቸው። «ታዲያ እስኪያድግ ምን ይልበስ?» ሲሉኝ፣ የጥጥ ቲሸርት ውኃ ይዞ ይበልጥ ስለሚያበርደው እንዳያለብሱት ነገርኳቸውና የሌላ ተማሪዬ ወላጆች ለልጃቸው የጠበበውን ልብስ እንዲሰጧቸው ለመንኩላቸው፤ ሰጧቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውም ልጅ ከመግባቱ በፊት በልብሱ አንገትና ብብት ጣቴን አስገብቼ ክፍተት እንዳይኖር እፈትሻለሁ፤ ከንፈሩ ከጠቆረም ማንንም ሳልጠይቅ አወጣዋለሁ። ኃላፊው ያን ጠዋት ያሉትን ነገር የዚያን ገንዳ ሥራ እስክለቅ ድረስ አላነሡትም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም።