የማይቆለፍ መሳቢያ

ዛሬ የሥራ ባልደረባችንን መሳቢያ ባዶ አደረግሁ። ካረፈ ሦስት ሳምንት ሆነው። አለቃችን "አንቺ ትቀርቢው ነበር፣ አንቺ አውጪው" አለኝ። እሺ አልኩ፤ ምን ይባላል?

ድሮም አይቆልፈውም ነበር። ውስጡ ሁለት ቻርጀር (አንዱ ለእሱ ስልክ የማይሆን)፣ የራስ ምታት ክኒን፣ መርፌና ክር፣ አንድ እፍኝ እስክሪብቶ። የራሱ የሚባለው መነጽሩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የእኛ ነበር፤ ስልኩ ለሞተበት፣ የሸሚዙ ቁልፍ ለተበጠሰበት።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ሪፖርት አበላሽቼ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ምንም አላለኝም። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እስኪመሽ አብሮኝ ደመረ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ "እኛ ነን የተሳሳትነው" አለ። እኛ! እሱ እኮ እኔ ሳበላሸው ሪፖርቱን ጭራሽ አላየውም ነበር።

ደግሞ ቅዱስ ላድርገው አልልም፤ ስልክ ሲያወራ ጩኸቱ አያሠራም። ስንቴ ተነጫንጨንበታል። አሁን ቢሮው ጭር ብሏል።

መነጽሩን ለቤተሰቡ ለየሁት። ቻርጀሮቹን ግን መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኳቸው። ከሰዓት አንዱ ልጅ መጣ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ከፍቶ አንዱን ወሰደ።