በጥርስ ላይ የሚታየው ወቅት በእውን ካለፈው ወቅት ያነሰ ነው

ከቁፋሮ የወጣ የከብት ወይም የበግ መንጋጋ ጥርስ፣ እንስሳው ጥርሱ ሲሠራ የጠጣውን ውሃ መዝግቦ ይዟል። በዝናብ ውሃ ውስጥ ያለው የኦክስጅን 18 እና የኦክስጅን 16 (የከባዱና የቀላሉ የኦክስጅን ዓይነት) ምጣኔ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል፤ ውሃው በሰውነት ፈሳሽ በኩል ወደሚሠራው ኢናሜል፣ ማለትም ወደ ጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ ይገባል። ኢናሜል አንዴ ከጠነከረ አይታደስም። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ስለሆነም ከአጥንትና ከኢናሜሉ ሥር ካለው ዴንቲን ይልቅ አፈሩን ይቋቋማል። አጥንት በሕይወት ሳለ ራሱን ስለሚያድስ ወቅቶቹን ይደባልቃቸዋል፤ የጥንቱን ወቅት ለማንበብ አይሆንም።

ጥርስ መምረጥ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ከፊሉ የሚሠራው በእናት ማህፀን፣ ከፊሉ ደግሞ በጡት ወቅት ነው። ወተት እናቲቱ ከጠጣችው ውሃ ይልቅ በኦክስጅን 18 የበለጸገ በመሆኑ የዚህ ጥርስ ንባብ ያሳስታል። የበግ ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ በአብዛኛው የመጀመሪያውን ዓመት ይዘግባል። የከብት ሦስተኛ መንጋጋ ጥርስ ደግሞ ከ9 ወይም 10 ወር ዕድሜ ገደማ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት አካባቢ ይሠራል። ጥርሱ ከአናቱ ጀምሮ ወደ ሥሩ ስለሚያድግ፣ በማኘክ ያለቀ ጥርስ የጠፋበት የመጀመሪያው ወራት መዝገብ ነው።

ከመሰርሰር በፊት ፎቶ፣ ልኬትና ቢቻል የሲቲ ምስል ይወሰድ፤ የተሰረሰረ ጥርስ አይመለስም። ከዚያ የላይኛውን ሲሜንተም (ጥርሱን የሚሸፍን አጥንት መሰል ንብርብር) እና ቆሻሻ በአልማዝ ጫፍ መሰርሰሪያ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ጠርጎ ማንሳት። ናሙናው የሚወጣው ከእድገቱ አቅጣጫ ጋር በተሻገሩ፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ቦዮች ነው። ቦዮቹ በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢወጡ፣ 40 ሚሊ ሜትር ኢናሜል የቀረው ጥርስ 20 ያህል ናሙና ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ዱቄት ይበቃል። የእያንዳንዱ ቦይ ርቀት ኢናሜሉ ከሥሩ ከሚገናኝበት መስመር ይለካል፤ አናቱ ስለሚያልቅ መነሻ ሊሆን አይችልም። ጥልቀቱ ዴንቲን ላይ እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መሰርሰሪያው ድንገት ቀለል ካለውና የዱቄቱ ቀለም ከተለወጠ ዴንቲን ገብቷል ማለት ነው። ያ ናሙና ይጣል።

የኬሚካል ማጽዳቱ አከራካሪ ነው። የተለመደው መንገድ በ2 ወይም 3 በመቶ በረኪና ለ24 ሰዓት ዘፍዝፎ አለቅልቆ፣ ቀጥሎ 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ለ4 ሰዓት መጠቀም ነው፤ ለ1 ሚሊ ግራም ዱቄት 0.1 ሚሊ ሊትር። በረኪና ብቻውን የውጭ ካርቦኔት ሊያስገባ ይችላል፤ አሲዱ ከቆየ ደግሞ ዱቄቱን ይበላል። ለንጹሕ ኢናሜል እኔ አሲዱን ብቻ እመርጣለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የአንድ ጥርስ ናሙናዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ማጽዳት ይለፉ። በሴንትሪፊዩጅ ከለዩ በኋላ ውሃውን ሲያፈሱ ዱቄቱ አብሮ እንዳይሄድ ጥቂት ውሃ ከታች መተው ይሻላል።

ዱቄቱ በፎስፎሪክ አሲድ በ70 ወይም በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሟሟና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማስ ስፔክትሮሜትር (ከባዱንና ቀላሉን ዓይነት በክብደት በሚለይ መሣሪያ) ይለካል። ውጤቱ ከሁለቱ ዓለም አቀፍ መመዘኛዎች በየትኛው፣ በቪፒዲቢ ይሁን በቪስሞው፣ እንደተሰጠ ሁልጊዜ ይጻፍ፤ በሁለቱ መካከል 30 በሺህ ገደማ ልዩነት አለ። ያው ጋዝ የካርቦን 13 ዋጋም ስለሚሰጥ እንስሳው ምን ዓይነት ሣር እንደበላ ያለ ተጨማሪ ናሙና ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። የቦዮቹ የኦክስጅን ዋጋዎች በርቀታቸው ተደርድረው ግራፉ ላይ የሚያምር ማዕበል ሲወጣ፣ ከፍታና ዝቅታው የወቅቶቹ ልዩነት ሙሉ መጠን ይመስላል። አይደለም። ኢናሜል በሁለት ደረጃ ይሠራል፦ መጀመሪያ ጥቂት ማዕድን የያዘ መረብ ይዘረጋል፣ ቀሪው ማዕድን ከዚያ በኋላ በወራት ውስጥ ይሞላል። ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ቦይ የያዘው አንድን ሳምንት ሳይሆን የብዙ ወራትን ድብልቅ ነው። ቦዩን ማጥበብ ይህን አያስወግደውም። ምንጭ ወይም ትልቅ ሐይቅ የሚጠጣ እንስሳም ወቅቱ ቀድሞ የተለዘበ ውሃ ነው የሚያገኘው። መንጋው በሞቃቱ ወቅት ወደ ተራራ ከወጣ ደግሞ የማዕበሉ ከፍታና ዝቅታ ይበልጥ ይቀራረባል፤ እዚህ ላይ እንስሳው የሰማራበትን ቦታ ድንጋይ የሚያንጸባርቀውን ስትሮንቲየም መለካት ይረዳል።

የማዕበሉ ትርጉምም በየቦታው አንድ አይደለም። በመካከለኛና በከፍተኛ ኬክሮስ ከፍተኛ የኦክስጅን 18 ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሞቃቱን ወቅት ያመለክታል። በሐሩር ክልል ግን የዝናቡ መጠን ይገዛል፤ ዝቅተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ ዝናባማው ወቅት ነው። ውሃውን በዋናነት ከቅጠል የሚያገኝ እንስሳ ደግሞ ትነት ያበለጸገውን ውሃ ስለሚወስድ፣ ከብትንና ቀጭኔን በአንድ ግራፍ ማወዳደር ስህተት ነው።

ወደ ዲግሪ ሴልሺየስ መለወጥ ሲታሰብ ሰንሰለቱ ረጅም ነው፦ ከኢናሜሉ ካርቦኔት ወደ ኢናሜሉ ፎስፌት (ሁለቱም ኦክስጅን የያዙ የማዕድኑ ክፍሎች ናቸው)፣ ከፎስፌት ወደ ተጠጣው ውሃ፣ ከውሃው ወደ ሙቀት። በየደረጃው ስህተቱ ይደራረባል፤ በመጨረሻ ብዙ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጥሬው የማዕበል መጠን «ቢያንስ ይህን ያህል» ተብሎ፣ ከየጥርሱ የቦይ ርቀትና ቁጥር ጋር ቢታተም እመርጣለሁ። አንድ ጥርስ የአንድ እንስሳ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ያ ዓመት ድርቅ የተመታ ሊሆን ይችላል። ከአንድ የአፈር ንብርብር ቢያንስ አምስት እንስሳት ሳይለኩ ስለ ዘመኑ አየር ንብረት ባይወራ ይሻላል።