ከኤንካ እስከ ቶኪዮ ዶም፦ ናና ሚዙኪን እየተከተልኩ ድምፄን ስለማመድ

ጃፓንኛን የጀመርኩት በአኒሜ ነው፣ አሁን ግን ወደ ዘፈኑ ገብቻለሁ። አንድ ሰው መርጬ ሥራዋን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል እየሰማሁ ነው። የመረጥኩት ጃፓናዊቷን ዘፋኝና የድምፅ ተዋናይ ናና ሚዙኪን ነው። ናሩቶ የሚባለውን አኒሜ ያየ ሰው ስሟን ባያውቅ እንኳ ድምፅዋን ያውቃል፤ ያቺ ዓይን አፋር፣ ናሩቶ ፊት ስትቆም ምላሷ የሚተሳሰረው ሂናታ እሷ ናት።

ሂናታ ስታወራ ግማሹ ትንፋሽ ነው። እና ይህችው ሴትዮ ስታዲየም ሞልታ ከሮክ ባንድ ጋር ትዘፍናለች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ ቪዲዮውን እስካይ አላመንኩም።

ነገሩ የሚገባው ወደ ልጅነቷ ሲኬድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1980 ሺኮኩ ደሴት ላይ፣ ኤሂሜ ግዛት ውስጥ ባለችው ኒይሃማ ተወለደች። አባቷ የኤንካ ዘፋኝ እንድትሆን ስለፈለጉ ገና በልጅነቷ ያሠለጥኗት ጀመር። ኤንካ ስለ ናፍቆት፣ ስለ መለያየት፣ ስለ ትውልድ ቀዬ የሚዘፈን የቆየ የጃፓን ስልት ነው። ዘፋኙ አንዱን ድምፅ ይዞ ጉሮሮው ላይ ያንከባልለዋል፣ ኮቡሺ ይሉታል።

እዚህ ላይ ኪቦርድ ያላችሁ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ተጫወቱ። ትዝታ ማይነር ነው አይደል? ብዙ የኤንካ ዘፈን የሚሠራው በዚሁ ቅኝት ነው። የትዝታ ሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላም እዚያ አለ። ለዚህ ነው የኛ ሰው ኤንካ ሲሰማ ግር የማይለው። እኔም ኮቡሺውን የያዝኩት መጀመሪያ የራሳችንን ትዝታ እያንጎራጎርኩ፣ ከዚያ ጃፓንኛውን በላዩ እያስገባሁ ነው፣ እና በቀጥታ ከጃፓንኛው ከመጀመር በጣም ይቀላል።

ወደ እሷ ልመለስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በድምፅ ተዋናይነት ጀመረች፣ በታኅሣሥ 2000 ደግሞ በኪንግ ሬከርድስ በኩል የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋን አወጣች። ወዲያው አልፈነዳችም። አልበሟ በኦሪኮን (የጃፓን የሙዚቃ ሽያጭ ደረጃ) ሳምንታዊ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው በ2009 ነው፣ ለድምፅ ተዋናይም የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ቴሌቪዥን ኤንኤችኬ በዘመን መለወጫ ዋዜማ በሚያቀርበው ኮሃኩ የሚባል የዘፈን ዝግጅት ላይ ዘፈነች፣ ከዚያም እስከ 2014 በየዓመቱ ተመለሰች። በታኅሣሥ 2011 ቶኪዮ ዶም፣ በ2016 ኮሺየን ቤዝቦል ስታዲየም ኮንሰርት አቀረበች።

ብዙ ሰው አኒሜው ነው ያወጣት ይላል። እኔ ግን ብድሩ የኤንካው ይመስለኛል። ኤለመንትስ ጋርደን የሚባለው የሙዚቃ ደራሲዎች ቡድን ሰዎች የሚሠሩላት ፈጣን ዘፈን፣ ቫዮሊኑና ጊታሩ ተደራርቦ ትንፋሽ በማያስገባበት ቦታ ሁሉ፣ እሷ መጨረሻ ላይ ያለውን ድምፅ ይዛ ስታንከባልለው ስሙት። ያ ሮክ አይደለም።

የኔ ልምምድ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ የሂናታን ንግግር እየተከተልኩ እደግማለሁ። ጃፓንኛ ውስጥ ጠብቆ የሚነበበው ድምፅ ለኛ ቀላል ነው፣ ማጥበቅና ማላላት በአማርኛ ስለለመድን። የሚያስቸግረኝ የተጎተተው አናባቢ ነው፣ በኛ ቋንቋ መጎተት ትርጉም ስለማይለውጥ ጆሮዬ ያልፈዋል። ዘፈን እዚህ ላይ በጣም ይረዳል፣ ዜማው ራሱ ቆጥሮ ይሰጣችኋልና።

ሁለተኛው ሲምፎጊር የሚባለው አኒሜ ነው። ገጸ ባሕርያቱ እየተዋጉ ይዘፍናሉ፣ እሷም የምትጫወታትን ጹባሳን ሆና እንጂ ናና ሆና አትዘፍንም። ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ ልዩነቱ ይሰማችኋል፤ ጹባሳ ደረቅ፣ ቀጥ ያለች፣ ጦረኛ ነገር ናት። ይሄን መምሰል ለኔ ገና ነው፣ አሁን ያለሁት ዝግ ባሉት ዘፈኖች ላይ ነው።

ኤንካ የምትሰሙ ካላችሁ በሴት ድምፅ የተዘፈነ፣ ፍጥነቱ ለጀማሪ የሚሆን ጠቁሙኝ።