ግራዋ ቀኝ የሆነችብኝ ዝንብ

ትናንት የ12 ቆላ ዝንቦችን (ጼጼ የሚሏቸውን) እንቁላል እጢ አንዱንም ሳልበጥስ አወጣሁ። ከሦስት ወር በፊት ከአሥር አንዱ ከተረፈልኝ ተመስገን ነበር የምለው።

ወንድና ሴት መለየቱ አንድ ቀን አልፈጀም። ወንዱ የሆዱ ጫፍ ላይ፣ ከሥር በኩል፣ ታጥፎ የተለጠፈ ድቡልቡል ነገር አለው። ሴቷ የላትም። አለቀ።

ያንገበገበኝ የሴቷን ዕድሜ መቁጠር ነው። ቆላ ዝንብ እንደ ቤት ዝንብ እንቁላሏን የትም አትጥልም። አንድ እንቁላል ወደ ማህፀኗ ታወርዳለች። እዚያው ይፈለፈላል፣ ትል መሳዩ እጭም የእናቱን ወተት እየጠባ ያድጋል። ከመጀመሪያው በኋላ በየ9 ወይም 10 ቀኑ አንድ ትወልዳለች። ቀኝና ግራ ሁለት እንቁላል እጢ አላት፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ውስጠኛና ውጪኛ የእንቁላል ቱቦ አለ። እንቁላል የሚወርደው ደግሞ በወረፋ ነው፦ ቀኝ ውስጠኛው፣ ግራ ውስጠኛው፣ ቀኝ ውጪኛው፣ ግራ ውጪኛው። ተረኛውን ካወቃችሁ ዕድሜዋን አወቃችሁ።

እኔ ወደ 40 ዝንብ መዘገብኩ። ገና ምንም ያላወረዱት ላይ ትልቁ እንቁላል ቀኝ መሆን ሲገባው አብዛኞቹ ላይ ግራ ሆነብኝ። አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ! ጠዋት አንድ የቆዩ ቴክኒሻን ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፣ በጀርባዋ አንጋለሃት እኮ ነው» አሉኝ። ግድግዳው ላይ ያለው የእጢዎቹ ሥዕል ከጀርባ በኩል የታየ ነው። ሁሉንም አንጋልዬ ቢሆን ኖሮ ግራውን ቀኝ ብዬ አርመው ነበር። ግን አንዳንዷን በሆዷ አስተኝቻለሁ፣ የትኛዋን እንደሆነ አልጻፍኩም። ደብተሩ ገደል ገባ። አሁን ጭንቅላቷ የነበረበትን ጎን ስላይዱ (የምዘረጋባት መስታወት) ላይ በማርከር ሳልጽፍ አልነካትም።

መርፌ ይሻላል የሚሉትን አትስሙ። ሁለት ሹል ፎርሴፕስ (ወረንጦ) እና አንድ ጠብታ ጨው ውሃ ይበቃል። የሆዷን ጫፍ ቆንጥጦ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ወጥመድ ውስጥ ደርቃ የሞተችዋ ላይ ግን አትድከሙ፣ ውስጧ ተጣብቆ ይጠብቃችኋል።

ሲሳካ ከእጢዎቹ ጋር ሁለት ቡናማ ክብ ከረጢቶች ይወጣሉ። የወንዱ ዘር የሚቀመጥባቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ አንዴ ብቻ ተገናኝታ ዕድሜ ልኳን ከዚያ ትጠቀማለች። ዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት ላይ በጨረር የመከኑ ወንዶችን ለቅቀው ዝንቧን ያጠፉት ይህችን ጠባይዋን ተጠቅመው ነው። አንዱን ከረጢት በቀጭን መስታወት ተጭኜ ሳፈነዳው ዘሩ እንደ ተፈታ ክር እየተርመሰመሰ ወጣ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አየሁት።

አሮጊቶቹ ግን አሁንም ያሸንፉኛል። አራቱ ተራ ካለቀ ወረፋው ከቀኝ ይጀምራል፣ 4 ያወረደችው ከ8 ካወረደችው ጋር ትመሳሰልብኛለች። ፎርሴፕሴን ደግሞ ባለፈው ሳምንት አንዱ እሾህ ነቅሎበት ጫፉን አጣሞታል። አዲሱን ኪሴ ይዤ ነው የምዞረው።