ሳቁን መልስልኝ

የአራት ዓመት ከመንፈቅ ልጄን በሳንባ ምች ካጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሕመሙ በጠናበት ሌሊት ያቀረብኩት ልመና እንደ ፈቃዴ አልተፈጸመም። ዛሬ የምመሰክረው ከዚያ በኋላ ስለ ጸለይኩትና ስለ ተመለሰልኝ ጸሎት ነው።

ከቀብሩ በኋላ በቤታችን ስሙ አይጠራም ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ሳያስበው ሲጠራው ከገበታው ተነሥቼ እወጣ ስለነበር እርሱም ዝም አለ። ለቀስተኛው «ልጅ መልአክ ነው፤ አታልቅሺ» እያለ ያጽናናኛል፤ እኔ ግን የናፈቀኝ የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ የሚያጠልቀው፣ ጥያቄው የማያልቀው ልጄ ነበር። ጃኬቱን ሳላጥብ አስቀምጬ ማታ ማታ አሸተዋለሁ፤ በኪሱ ውስጥ ከገበሩ ጋር የተጣበቀ ስኳር ነበር፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ፊቱን ላስታውስ ስሞክር የሚመጣብኝ ኦክስጅን የተደረገለት ፊቱ ብቻ መሆኑ ነው። ሳቁ ጠፋብኝ። ስለዚህ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን ወስደኸዋል፤ ሳቁን ግን መልስልኝ» እያልኩ ጠዋት ማታ እለምን ጀመር።

ባለፈው ጥር 7 ቀን፣ በሥላሴ ዓመታዊ በዓል፣ ጎንደር ወዳለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ወደ ውስጥ ገብቼ ቀና ስል ዓይኔ ከጣሪያው መላእክት ጋር ተገጣጠመ፤ ፊትና ክንፍ ብቻ ሆነው በረድፍ የተሣሉት፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ ታች የሚያዩት ናቸው። ልጄ አንድ ቀን እዚያው ቆሞ አንጋጦ ሲያያቸው ቆየና «እማዬ፣ እነዚህ እጅ የላቸውም፤ እንጀራ ማን ነው የሚያጎርሳቸው?» ብሎኝ ነበር። «እናታቸው» ስለው እስከሚችለው ቁጥር ድረስ ቆጠራቸውና «ይህን ሁሉ? እጇ ይዝላል!» ብሎ ሳቀ። ያ ድምፅ ከነሳቁ መጣልኝ። ሳቅ አመለጠኝ፤ በነጠላዬ አፌን ብሸፍንም ትከሻዬ ይንቀጠቀጥ ነበርና አጠገቤ የነበሩ እናት የማለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ» ብለው አቀፉኝ። እንባዬም አብሮ ይወርድ ስለነበር አልተሳሳቱም። ሥላሴ የተመሰገነ ይሁን፤ የለመንኩት በዚያች ሰዓት ተሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ቡና አፈላሁና ስሙን ጠርቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እኔም አንድ አለኝ» አለ። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ እንደጠበቀው አባቶች የሚተርኩትን ለልጃችን ነግሮት ኖሯል። ልጁም ከዚያ ወዲህ ከረከቦቱ ላይ ስኳር እየዘገነ በኪሱ ይዞ «ለዘበኞቹ» እያለ በቅጥሩ ሥር ያስቀምጥ ነበር፤ «ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ስኳሬን ጨረስክብኝ ትላለች» ብሎ አባቱን አስምሎታል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ይዞት የኖረው እኔ ስሙን ስለከለከልኩ ነው፤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

በማግስቱ ስኳሩን ከገበሩ ላይ በጥፍሬ ፈቅፍቄ በወረቀት ጠቀለልኩና አብረን ሄድን። ባለቤቴ ድንጋዩን አሳየኝ፤ እዚያው አኖርነው። ንብ አልመጣም፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጉንዳን ወረሰው። ባለቤቴ የልጃችንን ስም ጠርቶ «ይህን ቢያይ ጉንዳኖቹም ዘበኛ ናቸው ወይ ብሎ ሲጠይቀን ይመሽ ነበር» አለኝ።